የአቶ ሰይድ የኋላ ፍሬን

ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ጣናን አውቀዋለሁ ይላል። እኔም እል ነበር። ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ፣ በጥር ነፋሱ ይመታኛል፣ ዓሣውን እበላለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማወቅ አለ? በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ በአንድ ጥር ወር ሐይቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሻግሬ ጎርጎራ ደርሼ ስመለስ ነው፣ የማውቀው የገዛ ደጃፌን ብቻ እንደነበረ የገባኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የፈትል ክፍል ጓደኞቼ «ንገሪን እንጂ» እያሉ በማሽኑ ጩኸት መሀል ጆሮዬን ቢጎትቱኝ፣ ጮኼ ድምፄን ከምጨርስ ብጽፈው ይሻላል አልሁ።

የሄድሁት ለሠርግ ነው። ልበላ ሳይሆን ልመታ። ቀን ቀን ማሽን ላይ የሚበጠሰውን ክር እየሮጥሁ የምቋጥር ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ በፋብሪካችን የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር እመታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮ ሲዘፍን ጆሮዬን ትቼ መዳፌን ሣጥኑ ላይ አስቀምጥ ነበር፤ ዘፋኙ ወደ ጆሮ ይሄዳል፣ ቤዙ ግን በእጅ ይገባል። እጄ የሰማውን እጄ ተማረው።

በቡድኑ መጋዘን ሁለት ቤዝ ነበሩ። አንዱ ረጅም አንገት ያለው፣ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ሁለተኛው አንገተ አጭር፣ ቡናማ ቀለሙ የተላላጠ። ወንዶቹ ጥቁሩን ካልያዙ ሰው ያያቸው አይመስላቸውም። እኔ ቡናማውን መረጥሁ። ጣቶቼ አጫጭር ናቸው፤ ጥቁሩን ስይዝ ማንጎ ለመልቀም የሚንጠራራ ሰው እሆናለሁ፣ ከቡናማው ጋር ግን እኩያሞች ነን።

የቡድኑ መሪ ጋሽ መስፍን ይባላል፤ ኦርጋን ነው የሚጫወተው፣ የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ቃላት አያባክንም። ከጉዞው በፊት ጠራኝና እንዲህ አለኝ፦

«አንጓች፣ ጣትሽ ወሬ ይወዳል። አንድ በሚበቃበት አራት ትመቻለሽ። ይህ ሠርግ መፈተኛሽ ነው። ከሆነ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ግን ጎንደር አንድ ልጅ አለ፣ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ።»

የጎንደሩን ልጅ አይቼው አላውቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አብሮኝ ይበላ፣ አብሮኝ ይተኛ ነበር።

ረቡዕ፣ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን፣ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ሰባታሚት ከምትኖረው እናቴ ዘንድ ሄድሁ፤ ክር ልቀቅል። የማያውቅ ይስቃል። የቤዝ ክር ያኔ በሱቅ አይገኝም፤ ያረጀና ድምፁ የደነዘዘ ክር በሳሙና ውኃ ሲቀቀል እድፉ ይለቅና ድምፁ ይጠራል። የኛ ቡድን ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። እናቴ የድስቱን ክዳን ከፍታ አየች።

«ምንድን ነው?»

«ክር ነው፣ እማ።»

«ይበስላል?»

«ይጠራል።»

«እንግዲህ ጨው እንዳልጨምር ንገሪኝ» ብላ ሄደች።

ደንቡ እንቁላል እስኪበስል ያህል ነው። እኔ የመፈተኛዬ ክር ነውና ባቄላ እስኪበስል ተውሁት። በደንብ ሳላደርቀውም መልሼ አሰርሁት። ይህን እዩልኝ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ድስት ነው የወጣ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ወደብ ላይ ነበርን። አራት ነን፦ ጋሽ መስፍን፣ ዘፋኛችን ሙሉነህ፣ ከበሮ መቺው ዳምጤ፣ እኔ። ዳምጤ የወሎ ልጅ ነው፤ ሲተኛ ብቻ ነው የማይቀልድ። የይለፍ ወረቀታችንን የሚያይ ጠባቂ የቤዙን ሣጥን አየና አላማረውም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጊታር ነው።»

«ጊታር አውቃለሁ። ይህ ረዝሟል። አውጪው።» አወጣሁት። «ምቺው።»

መታሁት። ያለ ኤሌክትሪክ ቤዝ ማለት ከግድግዳ ወዲያ የሚስል ሰው ማለት ነው። ጠባቂው ጆሮውን አስጠጋ።

«ድምፁ የታለ?»

«መብራት ሲያገኝ ነው የሚናገር» አልሁት።

ዳምጤ ገባ፦ «ጓድ፣ ባለቤቲቱም እንደዚያው ናት፤ ቁርስ ካላገኘች ቃል አይወጣትም።»

ጠባቂው ሳቀና አለፍን።

ጀልባዋ የብረት ናት፤ ከላይ ሰው፣ ከታች ጆንያና ፍየል። ከቤት ስታዩት ሐይቁ እንደ ተወጠረ አንሶላ ነው። መሀሉ ላይ ግን ይተነፍሳል፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ዘጌን ስናልፍ ጋሽ መስፍን የጀልባዋን ጠርዝ ጨበጠ። ደቅ ደሴት አጠገብ ሲደርስ ፊቱ እንደ ሎሚ ሆነ። አንዲት የዘጌ ሴትዮ ከቅርጫቷ ጌሾ ቆንጥራ አፍንጫው ላይ አስጠጋችለትና «ወደ ውኃው አይዩ ጌታዬ፣ ወደ ተራራው ይዩ» አለችው። እኔንም እንደዚያ የሚያስፈራኝ ሰው በአንዲት ጌሾ ቅጠል ሲታዘዝ ሳይ፣ በልቤ ትንሽ ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር።

ቁንዝላ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጀልባዋ እዚያ ታድራለች። ባሕር ዳር ሰፊ አስፋልት ግራና ቀኝ ዘንባባ ለምዳ ያደገች እግሬ የቁንዝላን ድንጋይ ስትረግጥ ተቀየመችኝ። መንገዱ መንገድ ሳይሆን የድንጋይ ጉባኤ ነው። ያደርነው እንግዳ በምታሳድረው በእትዬ ስኂን ቤት ነው። ወንዶቹን ሳሎን አስተኝታ እኔን «ሴት ልጅ ከሦስት ጎረምሳ ጋራ ምን ታደርግ» ብላ የራሷ አልጋ ላይ አስተኛችኝ፤ እሷ መሬት። ብለምናትም አልሰማችኝ።

ባለቤቷ አባ ቢተው ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ከራት በፊት ደጃፍ ተቀምጠው መረብ ሲጠግኑ አየኋቸውና እጄ በላኝ።

«አባ፣ ይህን ቋጠሮ እኔ ልሞክር?»

«ትችያለሽ፣ ልጄ?»

ቀኑን ሙሉ የማደርገው ይኸው ነው፤ ሁለት ጣት፣ አንድ መጠምዘዝ፣ አበቃ። እሳቸው አንድ ሲቋጥሩ እኔ ሦስት ቋጠርሁ። መረቡን አነሱና ሳቡት፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና ሳቡት።

«ስኂን» ብለው ሚስታቸውን ጠሩ፣ «ነይ ይችን ልጅ እይልኝ። ያልተወለደ ዓሣ ትይዛለች።»

ጠዋት ስንለያይ አንድ ጥቅል ወፍራም ናይለን ሰጡኝ። «ልብስ ማስጫ አድርጊው። ጉማሬ ቢስበው አይበጠስም።» ተቀብዬ ሣጥኔ ውስጥ ከተትሁት።

ዓርብ ከሰዓት ጎርጎራ ገባን። ባሕር ዳር ከሐይቁ ጋራ እኩል መሬት ላይ ነው የተቀመጠች፤ ጎርጎራ ግን ዳገት ላይ ሆና ውኃውን ወደ ታች ታየዋለች። ጸጥታዋ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ የብስክሌት ደወል፣ የፋብሪካ ጡሩንባ አለ። እዚያ ወፉ ሲያስነጥስ ይሰማል።

ወንዶቹ የወደቡ አዳራሽ ውስጥ አደሩ። እኔን የሙሽራይቱ አባት ከነጋዴው ከአቶ ሰይድ ቤት አሳረፈኝ። ጨውና ስኳር፣ ጨርቅና ፋኖስ ይሸጣሉ፤ ጢማቸው ሸብቷል፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ገና ከበሩ «ስምሽ ማነው? እናትሽ አሉ? ለምን ከሳሽ?» ብላ ሦስቱንም ሳልመልስ እጄን አስታጠበችኝ።

ገበታው ሲቀርብ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ፣ ሙሉውን የተጠበሰ። ዓርብም ስለሆነ ደስ አለኝ። ግን ቅዳሜም ዓሣ፣ እሑድ ጠዋትም ዓሣ ሆነ። ቤቱ የሚበላው ሥጋ በእስላም ቢላዋ የታረደ ነው፤ እኔ አልበላውም፣ እነሱም የኔን አይበሉም። እትዬ ዘሀራ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ለቤተሰቡ ሁሉ ሥጋ አቁማ ኖሯል፣ አንዲት እንግዳ ለብቻዋ እንዳትቆርስ። ኋላ ከሌላ ሰው ስሰማ አፈርሁ። እሷን ብጠይቃት «ዓሣ ቢላዋ አይጠይቅም፣ ብይ» ነው ያለችኝ።

ሳሎኑ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተከበረው ዕቃ ብስክሌት ነበር። በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አቶ ሰይድ ከባሕር ዳር በጀልባ ያስመጡት ነው፤ በከተማው ሌላ አላየሁም። ጠዋት ጠዋት ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ቁልቁለቱን እስከ ወደቡ ይወርዱበታል፣ ሲመለሱ ደግሞ ይገፉታል። እኛ አገር አህያ እንኳ ብስክሌት አይቶ አይሸሽም፤ እዚያ ልጅ ሁሉ ይከተላል።

በዚያው ዓርብ፣ ሳይመሽ፣ ወደቡ ላይ ጄኔሬተር ተነሣና ልምምድ ጀመርን። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ወፍራሙ ክር፣ አራተኛው፣ ከላይ ከመቃኛው አጠገብ ጧ አለ። ባቄላ እስኪበስል የተቀቀለው፣ እርጥብ ሆኖ የታሰረው። ሳየው ውስጡ ዝጓል።

ጋሽ መስፍን መነጽሩን አወለቀ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እጄ ሳያማክረኝ የለመደውን አደረገ፤ ሁለቱን ጫፍ አገናኝቶ በፈታይ ቋጠሮ ቋጠረ። ጥጥ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ሁሉ ያጨበጭብልኝ ነበር። ሽቦ ግን ጥጥ አይደለም። ስቃኘው ቋጠሮው ተንሸራተተና ጫፉ ጉንጬን ገረፈኝ። ዳምጤ እንኳ አልቀለደም።

ቅዳሜ ጠዋት የአባ ቢተውን ናይለን አስታወስሁ። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ለካ ለዚህ ነው የተሰጠኝ እያልሁ አሰርሁት፣ ቃኘሁት። እንዲሁ ስመታው ያማረ ድምፅ ነበረው፤ እየሮጥሁ ወደቡ ወረድሁ። አምፕሊፋየሩ ላይ ሲሰካ ሦስቱ ክሮች ተናገሩ። አራተኛው ዝም። ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ዝም። ያን ጊዜ ነው ለጠባቂው የነገርሁት ቃል ራሴ ላይ የዞረብኝ፤ የሚያናግረው መብራቱ ነው፣ ለመብራቱ የሚያሰማው ደግሞ ከክሩ ሥር ያለው ማግኔት ነው። ማግኔት ብረት እንጂ ናይለን አይሰማም።

«በቃ ተይው፣ አንጓች» አለ ጋሽ መስፍን፣ ድምፁ ሳይከፋ። «ነገ ቤዙን እኔ በግራ እጄ ኦርጋኑ ላይ እይዘዋለሁ። አንቺ ዕረፊ። ሠርጉን ብይ።»

ሠርጉን ብይ። እንዲህ ያለ ግብዣ ሰምቼ አላውቅም።

እቤት ተመልሼ ሳሎን ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴ ብስክሌቱ ነው፤ ጨርቁ ተነሥቷል፣ አቶ ሰይድ ሊወለውሉት ነው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ያውቃል። ዓይኔ ከእጀታው ተነሥቶ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ሽቦ ይዞ ሄደ። ብረት ነው። የተገመደ ነው። ውፍረቱም ከወፍራሙ ክር ጥቂት ቢያንስ ነው። ግን እንዴት ይጠየቃል? ሥጋ ያቆሙልኝን ሰዎች ፍሬን ስጡኝ ልል?

እትዬ ዘሀራ ብቅ አለች። «ምን ሆነሽ ነው ብስክሌቱን እንደ ሙሽራ የምታይው?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«ምንም ያለ ሰው እንባ አይውጥም። ተናገሪ።»

ተናገርሁ። መሀል ላይ አቶ ሰይድ መጥተው ኖሮ ከበሩ ሆነው ሰምተዋል። ቀጥ ብለው ብስክሌቱ ጋ ሄዱና ተንበረከኩ።

«የትኛው ነው የሚሆንሽ፣ የፊቱ ወይስ የኋላው?»

«አይ፣ አቶ ሰይድ፣ እርስዎ ቁልቁለቱን…»

«የጠየቅሁሽን መልሺ።»

«የፊቱ ያጥራል» አልሁ፣ አቀርቅሬ። «የኋላው ነው።»

ቢስሚላህ ብለው ፈቱት። ሽቦው ከሽፋኑ ሲወጣ ጫፉ ላይ የእርሳስ ድቡልቡል አለው፤ ልክ የቤዝ ክር ጫፍ ላይ እንዳለው፣ ማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ቅርቅር ብሎ የሚቀር።

«የፊቱ ፍሬን ይቀረኛል» አሉ። «እሱ ካልበቃ ጫማ አለኝ።»

«ጫማውስ በማን ገንዘብ ነው?» አለች እትዬ ዘሀራ፣ ጉልበታቸውን በእጇ እየጠረገች።

ሌላኛው ጫፍ እንዳይፈታ በጥጥ ክር ጠበቅ አድርጌ ጠመጠምሁና ሰም ቀባሁት፤ ያ ሥራዬ ነው። ታሰረ፣ ተቃኘ፣ ያዘ። ወደቡ ወርጄ አምፕሊፋየሩ ላይ ስሰካውም ተናገረ። ግን እንደ ሌሎቹ አልተናገረም። ድምፁ ወፍራምና አጭር ነው፤ ዱም ይላል ያበቃል፣ አይጎተትም። ሽቦው ሻካራ ስለሆነ በጣቴ ጫፍ ስስበው ቆዳዬን ይልጣል። ፈጠን ብዬ ሁለት ሦስቴ ከመታሁትማ እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። እስኪመሽ ስሞክር ዋልሁ። በአውራ ጣቴ ሥጋ፣ ከማሰሪያው ራቅ ብዬ፣ አንድ ጊዜ መትቼ ስተወው ብቻ ነው የሚያምር። ስለዚህ የቷን እንደምመታ መምረጥ ነበረብኝ። ዘፈኑን በአፌ እያዜምሁ ከአራቱ ሦስቱን ጣልሁ። የቀረችው አንዷ ቤቱን ሁሉ ተሸከመች።

ለጋሽ መስፍን አሳየሁት። ሰምቶ «ነገ እናያለን» አለ። «ግራ እጄ ግን ዝግጁ ነው።»

እሑድ ሠርጉ ነው። ዳሱ ከባሕር ዛፍና ከደንገል የተሠራ፣ ነፋስ ሲመጣ የሚንሾካሾክ። ሰዓት እላፊ ስላለ ሁሉ ነገር በቀን ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንግዳው ቤቱ መግባት አለበት። ባሕር ዳር እንዲህ ሲሆን ሰው ይነጫነጫል፤ ጎርጎራዎች ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጨፈር ጀምረው ደርግን ቀደሙት።

የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመርን። ጋሽ መስፍን ቀኝ እጁ ይጫወታል፤ ግራ እጁ ከኦርጋኑ ወፍራም ድምፆች በላይ እንደ ጭልፊት ተንሳፋ ትጠብቀኛለች። እኔም እሷን እያየሁ አንድ እመታለሁ፣ እተዋለሁ። አንድ እመታለሁ፣ እተዋለሁ። ዳምጤ ከበሮውን ከእኔ ጋራ ገጠመ፤ ለካ እስከዛሬ ወሬዬ ውስጥ መግቢያ አጥቶ ኖሯል።

የሙሽራው አያት ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ከከዳቸው ብዙ ዘመን ነው፤ ሰው በእጅ ነው የሚያናግራቸው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድንገት ደረታቸውን ያዙ። ሰው ደነገጠ። እሳቸው ግን በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፣ መጡ፣ መዳፋቸውን አምፕሊፋየሩ ላይ ጫኑ። ልክ እኔ ሬዲዮው ላይ እንደማደርገው።

«ይህ ማነው ሆዴን የሚያንኳኳው?» አሉ፣ እንደ ደንቆሮ ሰው ጮክ ብለው።

የልጅ ልጃቸው ወደ እኔ አመለከታቸው።

«ይችው ናት? በላት እንዳታቆም።»

አንድ መታሁ፣ ትከሻቸው ወረደ። አንድ መታሁ፣ ተነሣ። ከዚያ እስክስታ ሆነ። በትሩ ወደቀ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ሰው ሁሉ ክብ ሠራላቸው። አራት አራት ብመታ ኖሮ በየትኛው ይነሡ ነበር? አንዷን ስለሰጠኋቸው ነው የያዟት።

ቀና ስል ጋሽ መስፍንን አየሁት። ግራ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረች። እስከ ሠርጉ ፍጻሜ አላወጣትም።

ሰኞ ጠዋት ጀልባዋ ልትነሣ ስትል አቶ ሰይድ ቁልቁለቱን በብስክሌት ሲወርዱ ታዩ። ጫማቸው መሬቱን እያረሰ፣ አቧራው ከኋላቸው እንደ ጭነት መኪና እየተነሣ፣ የወደቡ ሰው ሁሉ እየሳቀ መንገድ ለቀቀላቸው። ጀልባዋ ጥግ ደርሰው ቆሙ። እትዬ ዘሀራ የላከችውን ደረቅ ዓሣ ሰጡኝ።

«ጫማዎ እንዴት ነው፣ አቶ ሰይድ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ከፍሬኑ ይሻላል። ፍሬኑ ዘይት ይጠይቅ ነበር።»

ሐይቁ ላይ ጋሽ መስፍን ወደ ተራራው እያየ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጌሾ ይዟል። «ሦስቱ ክሮችሽ አሁንም ወሬኞች ናቸው» አለኝ። «አራተኛው ግን አዋቂ ሆኗል። ከእሱ ይማሩ።» ስለ ጎንደሩ ልጅ ምንም አላነሣም። እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻዬ መተኛት ጀመርሁ።

ባሕር ዳር እንደገባሁ መጀመሪያ ያደረግሁት ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ አዲስ የኋላ ፍሬን ሽቦ ገዝቼ በጀልባ መላክ ነበር። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ጀልባዋ ሽቦውን መልሳ አመጣችው። እትዬ ዘሀራ በመርከበኛው አፍ የላከችው መልእክት ይህ ነው፦ «ሰይድ ጫማውን ለምዷል፤ አሁን ፍሬን ቢገባለት ይወድቃል። ይህኛውን አስቀምጪው፤ ያኛው የተበጠሰ ቀን ሳታለቅሺ ትቀይሪዋለሽ።»

ሽቦው የቤዙ ሣጥን ውስጥ፣ ከአባ ቢተው ናይለን አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እስካሁን አላስፈለገኝም። የአቶ ሰይድን ፍሬን አልቀቅለውም፤ በደረቅ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ አንድ እመታዋለሁ፣ እተወዋለሁ።